የሥራ ጫማ ማታ ነው የሚገዛው

የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር ወደ ማታ ያብጣል። አስተናጋጆች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ ጣና ዳር ዓሣ የምትጠብሱ እህቶቼ፣ የሥራ ጫማ ጠዋት አትግዙ። ከሥራ ስትወጡ፣ በምትሠሩበት ካልሲ፣ ቆማችሁ ለኩት። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ።

ከዚያ ጫማውን በሁለት እጃችሁ እጠፉት። ጣት ጋ ብቻ ከታጠፈ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ ከተጠቀለለ አይደግፋችሁም።

እኔ ሁለት ዓመት በስስ ባሊሪና፣ ሶሉ ጠፍጣፋ በሆነ ጫማ፣ ትሪ ተሸክሜ ቆሜ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን መርፌ የሚወጋኝ ይመስለኝ ነበር። ሶሉ ወፈር ያለ ጫማ ቀየርኩ፤ ከአልጋ ሳልወርድም ነጠላዬን እግሬ ጣቶች ሥር አዙሬ ወደ ራሴ ቀስ አድርጌ ግማሽ ደቂቃ እስበዋለሁ፣ ሦስቴ። በሳምንታት ውስጥ ቀለለኝ።

ማታ ደግሞ የቀዘቀዘ ውኃ የያዘ ሃይላንድ ከውስጥ እግራችሁ ሥር አንከባልሉ። ስኳር ያለባችሁ ግን ቅዝቃዜውን ተዉት፤ እግራችሁን በየቀኑ እዩ፣ ትንሽ ቁስል ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።