ካናዳ እንዳይገቡ የተከለከሉ ሰዎች ጊዜያዊ የነዋሪነት ፈቃድን እንዴት እንደሚጠይቁ

በቀድሞ ጥፋተኝነት፣ በጤና ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት ካናዳ እንዳይገባ የተከለከለ ሰው፣ በአገሪቱ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 24 መሠረት ጊዜያዊ የነዋሪነት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ ክልከላውን አይሽርም፤ ቢበዛ ለ3 ዓመት ገብቶ ለመቆየት ብቻ ያገለግላል።

በቅድሚያ የተከለከሉበትን ምክንያት ከውሳኔ ደብዳቤው በትክክል ይለዩ። ጉዳዩ የወንጀል ከሆነና ቅጣቱ ከተጠናቀቀ 5 ዓመት ካለፈ፣ ክልከላውን በዘላቂነት የሚያነሳውን የመታረም ማመልከቻ ማቅረብ በእኔ እምነት ይሻላል። ጠጥቶ ማሽከርከርን ቀላል ጥፋት አድርገው አይቁጠሩት፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 18፣ 2018 ወዲህ የካናዳ ሕግ ከከባድ ወንጀሎች ይመድበዋል።

የፍርድ ቤት ውሳኔዎችንና የፖሊስ ማስረጃዎችን ሰብስበው፣ ቪዛ የሚያስፈልግዎት ከሆነ የተለመደውን የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ይሙሉ። ተዘግቷል ብለው የሚያምኑትንም ክስ ይግለጹ፤ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በራሱ ለ5 ዓመት ያስከለክላል።

ዋናው ሥራ የማብራሪያው ደብዳቤ ነው። ማመልከቻውን የሚያየው የኢሚግሬሽን መኮንን የሚመዝነው ሁለት ነገር ነው፤ በአንድ በኩል ወደ አገሪቱ የመግባትዎን አስፈላጊነት፣ በሌላ በኩል በኅብረተሰቡ ላይ ሊያስከትሉ የሚችሉትን ስጋት። እኔ የታመመች እህቴን ለማስታመም በጠየቅሁበት የመጀመሪያ ማመልከቻ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጸጸቴ ጽፌ ስለ ጉዞው ያሰፈርሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ የሐኪም ወረቀትም አላያያዝሁም። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ፤ የከፈልሁትም ገንዘብ አልተመለሰም፣ በሕጉም አይመለስም። በሁለተኛው ግን ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን ቀን፣ የሐኪሟን ደብዳቤ፣ ሌላ አስታማሚ ለምን እንደሌላት፣ የምመለስበትን ቀንና በአገሬ የሚጠብቀኝን ሥራ ከነማስረጃው አቀረብሁ። ጥፋቴን የጠቀስሁት በአንድ አንቀጽ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የኖርሁትን ሕይወት የሚያሳዩ ሰነዶችን አያያዝሁ። ፈቃዱን ያገኘሁት በዚህ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተቀዳ ደብዳቤ እንዳያስገቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የእርስዎን አስፈላጊነት ሊያስረዳ አይችልም።

ቪዛ የማይጠየቁ አንዳንድ መንገደኞች ፈቃዱን ድንበር ላይ መጠየቅ ቢችሉም፣ ሳይገቡ ከድንበሩ ሊመለሱ ስለሚችሉ ይህን አቋራጭ አልደግፍም።

ፈቃዱ ሲደርስዎ የሚያበቃበትን ቀንና ተመልሶ መግባትን የሚመለከተውን ቃል ያንብቡ። ዳግም መግባት በግልጽ ካልተፈቀደልዎ፣ ቀኑ ገና ቢሆንም ከካናዳ በወጡበት ጊዜ ያበቃል።