«ገባሽ?» ከማለት ዓይኗን ማየት

አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ቢሮዬ የሳይንስ ቪዲዮ ለተማሪዎች እሠራለሁ። በቅርቡ ስለ ልብ የሠራሁትን ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አሳየኋት። «ገባሽ?» ስላት «አዎ» አለች። ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲጠይቀው አዎ ማለት ይቀናዋል። ዓይኗ ግን አልገባኝም ይል ነበር።

ይህን የነገረኝ ዓይን የት እንደሚያርፍ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ የዓይን መከታተያ ነው። መሣሪያው ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል። በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል። ካሜራው ነጸብራቁንና የዓይን ብሌኑን አይቶ ልጁ የት እንደሚመለከት ያሰላል። ስለዚህ መጀመሪያ መጋረጃ ዝጉ። የፀሐይ ብርሃንም ኢንፍራሬድ አለው፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቴ ሲገባ መሣሪያው ዓይን ይጠፋበታል። ልጁን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ በማይሽከረከር ወንበር አስቀምጡት። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ነጥቦች በዓይኑ ይከተል። ይቺን ካሊብሬሽን፣ ማለትም መሣሪያውን ከልጁ ዓይን ጋር ማስተካከያ፣ አትዝለሏት። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ከመጣ እንደገና ሥሯት።

ዓይን ይዘላል፣ ያርፋል እንጂ እየተንሸራተተ አያነብም። ስናነብ አንዱ እረፍት ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዝላዩ ጊዜ የምናየው የለም ማለት ይቻላል። እናንተም የምትቆጥሩት እረፍቶቹን ነው፦ ሥዕሉ ላይ ስንት፣ ጽሑፉ ላይ ስንት፣ በሁለቱ መሀል ስንት ምልልስ።

የእኔ ጥፋት ምልልሱ ላይ ወጣ። ልቡን ከላይ፣ ስሞቹን በቁጥር ከታች ደርድሬ ነበር። ልጅቷ 3 ቁጥርን ልቡ ላይ ታያለች፣ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ትፈልጋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ለአንድ ቁጥር አምስቴ! እሷ «የቀኝ ታችኛው ክፍል» የሚለውን እስክታገኝ ተራኪው ደሙን ሳንባ አድርሶታል።

ብዙ የታየውን ቦታ በቀይ የሚያሳየውን ካርታ ብቻ አይታችሁ ግን አትፍረዱ። ልጅ አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው ወዶትም፣ ግራ ገብቶትም ሊሆን ይችላል። የዓይኑን ጉዞ መልሳችሁ አሳዩትና «እዚህ ጋ ምን እየፈለግክ ነበር?» በሉት። የእኔዋ «ስሙን ነዋ! ሳገኘው ሰውዬው አለፈኝ» አለችኝ።

የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ጽሑፍና ሥዕል ጎን ለጎን ይሁኑ የሚለው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹን አጥፍቼ ስሞቹን እዚያው ልቡ ላይ ጻፍኩ። ስታሻሽሉ ቪዲዮውን ላላየ ሌላ ልጅ አሳዩት፤ የመጀመሪያዋ አሁን መልሱን ታውቀዋለች። አዲሱ ልጅ ስሙን አንዴ አየ፣ ወደ ልቡ ተመለሰ፣ ከዚያ ዓይኑ ከደሙ ጋር እኩል ወደ ሳንባ ሄደ።