ስለ ግሬትፉል ዴድ ድረ ገጽ የሚሠሩ አድናቂዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግሬትፉል ዴድ እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ ተመሥርቶ ጊታሪስቱና ድምፃዊው ጄሪ ጋርሲያ እስከሞተበት እስከ 1995 ድረስ የዘለቀ የሮክ ባንድ ነው። በእነዚህ 30 ዓመታት ከ2,300 በላይ ኮንሰርቶች ሠርቷል። የዘፈኖቹን ዝርዝር በየምሽቱ ይለዋውጥ ነበር፤ ታዳሚው ቴፕ ይዞ ገብቶ እንዲቀዳም ይፈቅድ ነበር። ስለዚህ ስለ ባንዱ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው የሚገጥመው የመረጃ እጥረት ሳይሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የተዛባ መረጃ ብዛት ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ክፍት ቦታን በግምት ከመሙላት ነው። ከታች ያሉት በተደጋጋሚ የሚታዩት ናቸው።

ቀንን በአሜሪካኖች አጻጻፍ እንዳለ መገልበጥ

ካሴት ይለዋወጡ የነበሩ አድናቂዎች ኮንሰርትን የሚጠሩት በቀኑ ነው፤ መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን ይጽፋሉ። «5/8/77» የሚለው ሜይ 8 ቀን 1977 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የተደረገው ዝነኛ ኮንሰርት ነው። አውሮፓ ያለ አንባቢ ግን ኦገስት 5 ብሎ ያነበዋል። ባንዱ በ1972 አውሮፓን ሲዞር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ለንደን ዌምብሌይ የተጫወቱበት «4/7/72» ኤፕሪል 7 ነው፣ እንግሊዛዊው ግን ጁላይ 4 ይለዋል። መፍትሔው አንድ ነው፦ በፋይል ስም፣ በሊንክና በሠንጠረዥ ውስጥ ሁልጊዜ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ 1972-04-07። ኮምፒውተሩም ያለ ምንም እገዛ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርልዎታል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላ ወጥመድ አለበት። ባንዱ ግብፅ፣ ጊዛ ፒራሚዶች ሥር የተጫወተው ሴፕቴምበር 14፣ 15 እና 16 ቀን 1978 ነው። ብዙዎች ይህን «መስከረም 14 ቀን 1978» ብለው ይጽፉታል፤ ወሩ የእኛ፣ ቀኑና ዓመቱ የፈረንጅ ይሆናል። አንባቢው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወሰደው ከሰባት ዓመት በላይ ይስታል። «ሴፕቴምበር 14 ቀን 1978 (መስከረም 4 ቀን 1971 ዓ.ም.)» ብሎ መጻፍ አይበዛም። በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት መሆኑንም አይርሱ። ሁሉንም ዓመት በደፈናው 8 እየቀነሱ የሠሩት ሠንጠረዥ የመጸውን ኮንሰርቶች በሙሉ ያበላሻል።

እኩለ ሌሊትን መርሳት

ኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት በአንድ ምሽት ሁለት ትርኢት ይደረግ ነበር፤ ሁለተኛው ከእኩለ ሌሊት ያልፋል። አንዱ ቀጂ ካሴቱ ላይ የጀመረበትን ቀን ይጽፋል፣ ሌላው ያለቀበትን፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ኮንሰርት ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ቲኬቱ ላይ ያለውን ቀን መሠረት ያድርጉ፣ «የመጀመሪያ ትርኢት»፣ «የሌሊት ትርኢት» ብለው ይለዩ።

የባንዱ ስም ሲቀየር ደግሞ ኮንሰርቱ ከዝርዝር ይወድቃል። ኦክቶበር 8 እና 9 ቀን 1989 በቨርጂኒያ ሃምፕተን ኮሊሲየም የተጫወቱት «የቀድሞዎቹ ዋርሎክስ» በሚል ስም ነበር፤ ዋርሎክስ በ1965 የነበራቸው የመጀመሪያ ስም ነው። ያን ያደረጉት ቲኬት ሳይኖረው ተከትሏቸው የሚጓዘውን ሕዝብ ለመቀነስ ነው። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለት ምሽቶች ያጣቸዋል።

የዘፈን ዝርዝሩን በግምት መሙላት

ከ1966 እና 1967 ኮንሰርቶች ብዙዎቹ የተሟላ ዝርዝር የላቸውም። አንዳንዱ አድናቂ ባዶ ቦታ ማየት ስለማይወድ ከጎረቤት ምሽት ወስዶ ይሞላል። ይህ በማንኛውም ባንድ ላይ ስህተት ነው፤ ዝርዝሩን በየምሽቱ በሚቀያይር ባንድ ላይ ግን ከስህተትም በላይ ፈጠራ ነው። «አይታወቅም» ብለው ይተዉት። በከፊል የሚታወቅ ከሆነም ቅደም ተከተሉ የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን በተለያየ ምልክት ያሳዩ።

ሁለት ዘፈኖችን ሳያቋርጡ ሲያያይዟቸው በመካከላቸው ቀስት የሚደረገው ልማድ ጥሩ ነው፣ ግን በዘፈቀደ ይበተናል። ቀስት የሚገባው ሙዚቃው ሳይቆም ካለፈ ብቻ ነው። ቆመው፣ ጭብጨባ ተሰምቶ፣ ቀጥለው ከጀመሩ ነጠላ ሰረዝ ይበቃል። ዝርዝሩን የሚያነበው ሰው ያን ምሽት ምን ያህል እንደተራቀቁ የሚገምተው ከቀስቶቹ ነውና።

ከሁሉም የሚያሳስተው ካሴቱ ራሱ ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት በእያንዳንዱ ፊት 45 ደቂቃ ይይዛል። ኮንሰርቱ አልቆ ቴፑ ሲተርፍ ቀጂው ባዶ እንዳይቀር ከሌላ ምሽት ሁለት ሦስት ዘፈን ይጨምርበታል። ሦስተኛው ሰው ሲገለብጠው ማስታወሻው ይጠፋል፤ አራተኛው እነዚያን ዘፈኖች ሕዝቡ ሲያስጠራቸው ተመልሰው የተጫወቷቸው ያደርጋቸዋል። ለመለየት የሕዝቡን ድምፅና የአዳራሹን ማስተጋባት ያዳምጡ፤ በድንገት ከተለወጠ፣ ወይም የድምፁ ሚዛን ከቀድሞው ጋር ካልገጠመ፣ የሌላ ቀን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ካሴቱ ሲገለበጥ የተቆረጠን ዘፈን «ባንዱ አቋርጦት» ብለው የሚጽፉ አሉ። ቅጂው ከጀመረ በ45ኛው ደቂቃ አካባቢ የሚመጣ መቆረጥ የባንዱ ሳይሆን የቴፑ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

የቅጂውን የዘር ሐረግ አለመጻፍ

አንድ ኮንሰርት አምስት ስድስት የተለያየ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፦ በቀጥታ ከሚክሰር (ከመድረኩ የድምፅ ማቀናበሪያ) የተቀዳ፣ ታዳሚ መሐል ማይክ ተተክሎ የተቀዳ፣ ከኤፍ ኤም ሬዲዮ የተቀዳ፣ ወይም የሚክሰሩንና የታዳሚውን ቅጂ አንድ ላይ አቀናጅተው ያዘጋጁት። ከኤፍ ኤም የተቀዳውን «ከሚክሰር» ብሎ መሰየም በጣም የተለመደ ነው፤ ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸውና። በሬዲዮ ቅጂ ላይ ግን የድምፁ ከፍታና ዝቅታ ታምቆ ይሰማል፣ አንዳንዴም የአስተዋዋቂው ድምፅ ጣልቃ ይገባል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጎን ከመጀመሪያው ቴፕ እስከ እርስዎ ኮምፒውተር ያለፈበትን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ ሚክሰር፣ ሪል ቴፕ፣ ካሴት፣ ዳት (ዲጂታል የድምፅ ቴፕ)፣ ኮምፒውተር፣ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የሚጨምቅ የድምፅ ፋይል)። የዳት ቴፕ በ48 ወይም በ32 ኪሎኸርዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ወደ ሲዲው 44.1 ከተቀየረ በምን ፕሮግራም እንደተቀየረም ይጨምሩ።

ኤም ፒ ስሪን ወደ ፍላክ መልሶ «ጥራቱ ያልተነካ» ብሎ ማውጣት አድናቂን ማታለል ነው። ፋይሉ ይከብዳል እንጂ የተጣለው ድምፅ አይመለስም። በስፔክትሮግራም (የድምፁን ድግግሞሾች በሥዕል በሚያሳይ ሰንጠረዥ) ሲታይ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ ባዶ ይሆናል። ነገር ግን ባዶ ባዩ ቁጥር አይፍረዱ፤ የኤፍ ኤም ስርጭትም ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ አያስተላልፍም፣ ያረጀ ካሴትም ከፍተኛውን ድምፅ ያጣል። የሚያጋልጠው በገዢ የተሰመረ የሚመስለው ቀጥ ያለ ቆረጣ ነው።

የቴፕ ፍጥነትም ይመርመር። መጫወቻው በፍጥነት ከሮጠ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ 6 በመቶ ፍጥነት ማለት ግማሽ ድምፅ ነው። በአሜሪካ የተቀዳ ቴፕ ላይ የኤሌክትሪኩ እምምታ (ከመብራት መስመር ወደ ቅጂው የሚገባው ዝቅተኛ ጉርምርምታ) በ60 ኸርዝ መቀመጥ አለበት፤ በ62 ላይ ካገኙት ቴፑ 3 በመቶ ያህል ሮጧል። በ1972ቱ የአውሮፓ ጉዞ ግን የኤሌክትሪኩ መጠን 50 ኸርዝ መሆኑን ያስቡ። እምምታው ከኮንሰርቱ ሳይሆን በኋላ ካሴቱን ከገለበጠው ሰው ቤትም ሊሆን ስለሚችል፣ ከማስተካከልዎ በፊት በአንድ ሁለት ዘፈን ከኪቦርዱ ቅኝት ጋር ያመሳክሩ። ያስተካከሉትን ሲያወጡ ያልተነካውን ቅጂ አያጥፉ።

ትራክ ሲቆረጥ ደግሞ ቁጥር አለ። ሲዲ አንድ ሰከንድን በ75 ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 588 ናሙና (የድምፁ ነጠላ የዲጂታል ልኬት) ነው። ትራኩ በ588 ብዜት ላይ ካልተቆረጠ ሲዲ ሲጻፍ ቀሪው በዝምታ ይሞላና፣ ሙዚቃው ሳይቋረጥ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቀጭን «ጠቅ» ትሰማለች። ያ በትክክል ቀስቱ ያለበት ቦታ ነው።

አልበምን ከዘፈን ልደት ጋር ማምታታት

«ተች ኦቭ ግሬይ» በ1987 ወጥቶ በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሠንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ደርሷል። ብዙ ገጾች «የ1987 ዘፈን» ይሉታል፤ መድረክ ላይ ግን ከ1982 ጀምሮ ይጫወቱት ነበር። ለእያንዳንዱ ዘፈን ሦስት ቀን ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ በመድረክ የተጫወቱበት፣ አልበም ላይ የወጣበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት።

በመድረክ የተቀዳ የሚባል አልበምም ሁሉ ንጹሕ አይደለም። በ1972 የወጣው የአውሮፓ ጉዞ አልበም ድምፃውያኑ ስቱዲዮ ገብተው ድምፃቸውን በድጋሚ የቀዱበት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «ያን ምሽት እንዲህ ዘመሩ» ማለት አይቻልም። የ1968ቱ «አንተም ኦቭ ዘ ሰን» እና የ1969ኙ «ኦክሶሞክሶአ» አልበሞች ደግሞ በ1971 እንደገና ተቀናብረው ወጥተዋል። የትኛውን ቅንብር እየገለጹ እንደሆነ ካልተናገሩ፣ ሌላኛው በእጁ ያለ አንባቢ ውሸታም ይልዎታል፤ በእሱም አይፈረድም።

ፎቶን ሳያጣሩ ዓመት መስጠት

የባንዱን አባላት ዝርዝር ያወቀ ፎቶን በዓይኑ ይመዝናል። ሁለተኛው ድራመር ሚኪ ሃርት ከፌብሩዋሪ 1971 እስከ ኦክቶበር 1974 አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለት ድራመር የሚታይበት ፎቶ የ1972 ሊሆን አይችልም። ኪቦርድ ላይ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ሰዓት ነው፦ ፒግፔን ከመጀመሪያው እስከ ጁን 1972፤ ቶም ኮንስታንተን ከ1968 መጨረሻ እስከ 1970 መጀመሪያ፤ ኪት ጎድሾ ከ1971 እስከ 1979፤ ብሬንት ሚድላንድ ከ1979 ጀምሮ በጁላይ 1990 እስኪሞት፤ ቪንስ ዌልኒክ እስከ መጨረሻው፣ ብሩስ ሆርንስቢም እስከ 1992 ድረስ ከእሱ ጋር። ከጋርሲያ ሞት በኋላ የቀሩት አባላት በተለያየ ስም ያደረጓቸውን ኮንሰርቶች ግን ከዋናው ዝርዝር ጋር አይቀላቅሉ፤ በየስማቸው ይለዩ።

የባንዱን ቸርነት እንደ ሙሉ ፈቃድ መቁጠር

ባንዱ መቅዳትን ፈቅዷል፤ ከ1984 ጀምሮ ለቀጂዎች የተለየ መቀመጫ ሁሉ ነበር። ፈቃዱ ግን ለትርፍ ሳይሆን ለልውውጥ ነው። ካሴት መሸጥ፣ ወይም ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት ሙሉ ኮንሰርት መጫን ከዚህ ውጭ ነው። አንድ ኮንሰርት በይፋ ሲታተም ሁኔታው ይለወጣል፦ የኮርኔሉ ለ40 ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ በ2017 በሲዲ ወጣ፤ እንዲህ ያለውን ከገጽዎ ያውርዱ፣ ዝርዝሩንና ታሪኩን ያቆዩ።

ግጥሞቹን በሙሉ መለጠፍም አይገባም። የሮበርት ሃንተርና የጆን ፔሪ ባርሎ ግጥሞች መብት የባንዱ አሳታሚ ድርጅት የአይስ ናይን ነው። ስለ አንድ ስንኝ የሚያብራራ ጽሑፍ፣ ስንኟን ብቻ ጠቅሶ፣ ሙሉውን ግጥም ከመገልበጥ የበለጠ ዋጋ አለው። የራስ ቅልና መብረቅ ያለበት አርማም የንግድ ምልክት ነው፤ የድረ ገጽዎ መለያ አያድርጉት።

በሌላ ሰው ጎተራ መተማመን

በኖቬምበር 2005 ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነጻ የዲጂታል ቤተ መዛግብት ላይ የነበሩት የባንዱ ኮንሰርቶች ማውረጃ በድንገት ተዘጋ። አድናቂዎች ከጮኹ በኋላ ታዳሚ መሐል የተቀዱት ተመለሱ፣ ከሚክሰር የተቀዱት ግን ማዳመጥ ብቻ ተፈቀደላቸው። ገጻቸው ከሊንክ በቀር ምንም ያልያዘ አድናቂዎች በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ጂኦሲቲስ የተባለው የነጻ ድረ ገጽ ማስተናገጃ ኦክቶበር 2009 ላይ ሲዘጋም ስንቱ የአድናቂ ገጽ አብሮት ጠፋ። ድምፁ የትም ይቀመጥ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዘፈን ዝርዝሩን፣ የዘር ሐረጉንና የእያንዳንዱን ፋይል ኤም ዲ 5 ቁጥር (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያረጋግጥ መለያ) በተራ የጽሑፍ ፋይል ራስዎ ጋር ይያዙ። ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይሁን።

የዶሜይኑ ስምም በአንድ ሰው ኢሜይልና ካርድ ብቻ እንዳይመዘገብ። እንደ ዶት ኮም ባሉት ላይ ጊዜው ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ እስከ 45 ቀን የማደሻ ፋታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው 30 ቀን ማስመለሻ ሲሆን ዋጋው ከተራው ማደሻ በብዙ ይበልጣል፤ ቀጥሎ በ5 ቀን ውስጥ ስሙ ለማንም ይለቀቃል። ሁለተኛ ሰው የመግቢያ ቃሉን ይወቅ፣ ማስታወሻው ለሁለታችሁም ይድረስ፣ ክፍያው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደፊት ይከፈል።