ለድራግ ሬስ የምትሆን ቀለል ያለች አሮጌ መኪና እንዴት ትመረጣለች?

የድራግ ሬስ ሕግ አጭር ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ይነሳሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሩብ ማይል (402 ሜትር) ወይም የዚያን ግማሽ ይነዳሉ። ኩርባ የለም። ስለዚህ ከምንም በላይ የሚወስነው ነገር ከቆመችበት የምታስነሷት መኪና ስንት ኪሎ እንደምትመዝን ነው።

እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያሉ ልጆቻችን ስለዚህ ጨዋታ ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ ከሞተር ይጀምራሉ። "የቱ ሞተር ይሻላል?" እኔ ደግሞ ስለ ቦዲው ነው የምመልስላቸው። ሞተር ይገዛል፣ ይወርዳል፣ ይቀየራል። የዛገና የተጣመመ ቦዲ ግን ገንዘባችሁን በልቶ አይጠግብም። የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል እሱ ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመፈለጋችሁ በፊት አስሉ

ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙባት አንዲት ቀላል ስሌት አለች። የመኪናዋን ክብደት ከነጂው ጋር በፓውንድ ያዙ። በሞተሩ የፈረስ ጉልበት አካፍሉት። የውጤቱን ኪዩብ ሩት በስልካችሁ ካልኩሌተር አውጡና በ5.825 አባዙት። ሩብ ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደምትጨርሱት በግምት ይነግራችኋል።

በምሳሌ እንየው። 2,400 ፓውንድ (1,090 ኪሎ ገደማ) የምትመዝን መኪና 250 የፈረስ ጉልበት ቢኖራት ወደ 12.4 ሰከንድ ትገባለች። 3,400 ፓውንድ የምትመዝነዋ እዚያው ሰዓት ላይ ለመድረስ 354 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋታል። መቶ የፈረስ ጉልበት ልዩነት ማለት ነው። እሱን ለማግኘት የምታወጡት ገንዘብ ሞተሩ ላይ ብቻ አያበቃም። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉና ጎማው ሁሉ ያንን ጉልበት መቻል አለባቸው።

ይህ በትልቁ መድረክም ታይቷል። በ1972 የአሜሪካው የድራግ ሬስ ማኅበር፣ ኤን.ኤች.አር.ኤ.፣ የፋብሪካ መኪና መልክ ያላቸው በሚወዳደሩበት በፕሮ ስቶክ ምድብ ትናንሽ መኪኖች አነስ ባለ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተርና በቀለለ ክብደት እንዲወዳደሩ ፈቀደ። ተወዳዳሪው ቢል ጄንኪንስ በሼቭሮሌት ቬጋ መጣና በዚያ ዓመት ከስምንቱ ብሔራዊ ውድድሮች ስድስቱን ወሰደ። ቦብ ግሊደን ደግሞ በ1974 በፎርድ ፒንቶ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም በዘመናቸው ርካሽ የሰፈር መኪኖች ነበሩ።

የትኞቹን ልፈልግ?

የኋላ ጎማዋ የሚነዳ መኪና ፈልጉ። መኪና ስትፈነጠር ክብደቷ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የኋላ ጎማዎቹም መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣሉ። በፊት ጎማ የሚነዱት ግን በተቃራኒው መሬቱን መጨበጥ በሚፈልጉበት ሰዓት የፊት ጎማዎቻቸው ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል። በሆንዳ ሲቪክ እሳት የሚተፉ ልጆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁም። ለጀማሪ ግን አልመክርም።

ቬጋ (1971–1977) በጣም ቀላልና ቪ8 የሚቀበል ክፍል ያላት መኪና ናት። የራሷ የአሉሚኒየም ሞተር ግን ሙቀት አይችልም። ፒንቶም እንደ ቬጋ ቀላል ናት። ፎርድ ማቬሪክ ትንሽ ከበድ ትላለች፣ ግን ከ1971 ጀምሮ ከፋብሪካ ቪ8 ይዛ የወጣች አለች። ያቺን ካገኛችሁ ብዙ የማስማማት ሥራ ተሠርቶ ጠበቃችሁ ማለት ነው። ለጀማሪ የእኔ ምርጫ እሷ ናት።

ከጃፓኖቹ የቶዮታ ስታርሌት፣ የድሮ ኮሮላና ማዝዳ አርኤክስ-3 አሉ። ፖርቶ ሪኮዎች በእነዚህ ተአምር ይሠራሉ። አዲስ አበባ ዲኤክስ እያልን ያደግንባት ኮሮላም ከዚሁ ቤተሰብ ናት። የእነዚህ ችግር ማጠር ነው። የስታርሌት የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.30 ሜትር ብቻ ነው፣ የቬጋ 2.46 ሜትር ነው። አጭር መኪና መስመሩ መጨረሻ አካባቢ ስትፈጥን ትንሽ የመሪ ስህተት ይበቃታል።

ቮልስም አለች። ሞተሯ ከኋላ ጎማዋ በስተጀርባ ስለተቀመጠ መነሻዋ ግሩም ነው። ጉልበት ሲጨመርባት መጀመሪያ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው። ባጀታችሁ ላይ ካምቢዮ ካልጻፋችሁ ቮልስ አትግዙ።

ቦዲውን መመርመር

ይህን ክፍል ሳትቸኩሉ አንብቡት። ማግኔት፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ጠመኔና ክሪክ ይዛችሁ ሂዱ። የሚቆሽሽ ልብስ ልበሱ። በቀን ሂዱ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን። እርጥብ ቀለም የላሜራውን ሞገድ ይደብቃል። ሻጩ "ዝገት የሚባል የለባትም" ካለ እሺ በሉትና ሥራችሁን ጀምሩ።

ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልሉትና ከጎማ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ፣ የበር ታችኛውን ጫፍና የኋላ ጎኗን አስነኩት። ሳይዝ ከተንሸራተተ ከሥሩ ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ትንሽ ስቱኮ ወንጀል አይደለም። ሃምሳ ዓመት የኖረች መኪና አንድ ቦታ ተገጭታ ይሆናል። የእጅ መዳፍ የሚያህል ሲሆን ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

ከዚያ ከሥር ግቡ። የበሩን ደፍ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ጤነኛ ብረት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰ ደግሞ ይሰረጉዳል። እያንዳንዱ ሞዴል የራሱ ሕመም አለው። ቬጋ የምትበሰብሰው በፊት ፓራፋንጎዋ አናትና በመስታወቱ ሥር ነው፣ የፋብሪካው የዝገት መከላከያ መንከሪያ እዚያ አየር እየቋጠረ ስለማይደርስ። ቮልስ ላይ የኋላ መቀመጫውን አንሱ። ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱም ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። የስልሳዎቹ ፎርድ ፋልከን ላይ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት ውኃ አፍስሱና ውስጥ ገብታችሁ የእግር ምንጣፉን ዳስሱ። ከረጠበ ያንን ቦታ ለማደስ ብዙ ብየዳ መፈታት አለበት።

ባሌስትራ ያላቸውን፣ እንደ ፒንቶና ማቬሪክ ያሉትን ስታዩ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ባትሪያችሁን አብሩና ቆዩ። የባሌስትራው የፊተኛው ጫፍ ቦዲው ላይ የሚታሰርበትን ማለቴ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መኪናዋን ወደፊት ሲገፉ ግፊቱ በሙሉ ወደ ቦዲው የሚገባው በዚያች ጆሮ በኩል ነው። የማውቀው ልጅ አዲስ ቀለም የተቀባች ቆንጆ ፒንቶ ገዛ። ቀለሙን በአሸዋ ሲያስፍቅ እዚያ ቦታ ላይ የነበረው በስስ ላሜራ ተሸፍኖ ጥቁር የተቀባ ቀዳዳ ነበር። ሞተሩን ቢያስገባና ቢነሳ ኖሮ ባሌስትራው ወለሉን ሰንጥቆ ይገባ ነበር። አዲስ የተቀባ የመኪና ሆድ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ያልተቀባ፣ አቧራና ዘይት የጠጣ ሆድ ቢያንስ አይዋሽም።

አሁን ቀጥ ማለቷን ፈትኑ። አንዱን የኋላ ጥግ በክሪክ አንሱና የዚያን ወገን በር ክፈቱ፣ ዝጉ። ደህና ቦዲ ከሆነ በሩ እንደ በፊቱ ይሠራል። መጨበጥ ወይም መፋተግ ከጀመረ ቦዲው ደክሟል።

ቀጥሎ ቱንቢው ነው። ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አቁሟት። ከሥሯ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት የሆኑ አራት ነጥቦች ምረጡ፣ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። የፋብሪካ ብሎን ቀዳዳ ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ ቱንቢውን አውርዱና ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መኪናዋን ገፍታችሁ አውጡ። ሲሚንቶው ላይ የቀሩትን አራት ነጥቦች በሰያፍ ለኩ፣ ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን እንደገና ለኩ። አሁንም ያው ከሆነ መኪናዋ ተገጭታ ተጣማለች። በጉልበት ስትነሳ ወደ አንድ ጎን ትሄድባችኋለች፣ ምንም ዓይነት ጎማ አያስተካክለውም። ሻጩ ይህን ሁሉ ስታደርጉ ሊሰለች ይችላል። ይሰልች።

ሕጉን ቀድማችሁ እዩ

የኤን.ኤች.አር.ኤ. ደንብ ሰዓታችሁ ባጠረ ቁጥር ይጠነክራል። ሩብ ማይሉን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ለሚጨርስ የተመሰከረለት ሄልሜት ግዴታ ነው። እነዚህ አሮጌ መኪኖች 11.49 ላይ ሲደርሱ መገልበጥን የሚከላከል የብረት ቱቦ ይጠየቃሉ። 9.99 ላይ የውድድር ፈቃድ ያስፈልጋል። ቱቦው የሚበየደው ወለሉ ላይ ነው፣ የበሰበሰ ወለል ብየዳ አይዝም። ምን ሰዓት እንደምትፈልጉ አሁኑኑ ወስኑ። ለጀመረ ሰው 12 ሰከንድ አካባቢ በቂ ደስታ አለው፣ ወጪውም ይቻላል።

ዲፈረንሻልና ክብደት

የትናንሽ መኪኖች ዲፈረንሻል የተሠራው ለትንሽ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹን ቬጋዎች ዲፈረንሻል ቪ8 አስገብታችሁ አትመኑት። ከ1995 እስከ 2001 የተሠራው የፎርድ ኤክስፕሎረር 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል ከአሮጌ መኪና ማራገፊያ በቀላሉ ይገኛል፣ ጠንካራ ነው፣ የዲስክ ፍሬንም አለው። ማጥበብ ይፈልጋል፣ እሱን ለሚያውቅ በያጅ ስጡ።

ትንሿ መኪና ላይ ኪሎ መቀነስ ይበልጥ ይከፍላል። በላይኛው ስሌት 100 ፓውንድ (45 ኪሎ) ሲነሳ የ2,400 ፓውንዷ መኪና 0.17 ሰከንድ ታተርፋለች፣ የ3,400ዋ 0.12 ብቻ። ትርፍ ጎማ፣ የኋላ መቀመጫ፣ ከባዱ ፓራውልት ይውጣ። የፋይበር ግላስ ኮፈን ጥሩ ነው። የበሩን የውስጥ ብረት መቁረጥን ግን አልደግፍም። በጎን ከተመታችሁ የሚጠብቃችሁ እሱ ነው።

ስትገዙ

ሻንሲ ቁጥሩንና የባለቤትነት ወረቀቱን አስተያዩ። ከ1981 በፊት የተሠሩ መኪኖች ሻንሲ ቁጥር እንደ ዛሬው 17 ፊደልና አኃዝ ስላልሆነ አጭር ሲሆን አትደንግጡ። ወረቀት የሌላት መኪና ርካሽ አይደለችም። ሌላ ሰው ፈታትቶ የተዋትንም ራቁ፣ የጠፋውን ብሎን ስትፈልጉ ዓመቱ ያልቃል። ተሠርታ ያለቀችና ስትሮጥ የታየች መኪና ውድ ብትመስልም ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ከምትሠሯት ትረክሳለች።

ገዝታችሁ ስትገቡ ምንም ሳትነኩ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ዘይቱን ብቻ አስተካክሉና ለልምምድ በሚከፈትበት ቀን ወደ መስመሩ ውሰዷት። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በድስ ክሪክ ያለው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አለ፣ ራይዚንግ ሰን ከተማ ደግሞ ሴሲል ካውንቲ ድራግዌይ። መንገድ ላይ አትሞክሩት፣ ሰው ይሞታል። ስትጨርሱ በሚሰጣችሁ የሰዓት ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምታዩት የመጨረሻውን ሰዓት አይሁን። የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማዎች (18 ሜትር) በስንት ሰከንድ እንደሄዳችሁ እዩ። መነሻችሁን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ወረቀቱን አስቀምጡት፣ ቀጥሎ የምትቀይሩት እያንዳንዱ ዕቃ የሚመዘነው በእሱ ነው።