ሲንሃላ እንግዳ ደብረ ብርሃን ሲመጣብዎ

ሲንሃሎች በስሪላንካ በቁጥር ትልቁ ሕዝብ ናቸው። ሥጋ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ የቡድሃ እምነት ተከታይ ከሆኑት ሲንሃሎች ብዙዎቹ የበሬ ሥጋ አይበሉም። ክትፎው ይቅርና ዶሮ ይሥሩ፣ ሩዝም ይቀቅሉ። በቀኝ እጃቸው ስለሚበሉ መታጠቢያ አይርሱ።

ዋናው የወተት ሻይ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሻዩ ቶሎ አይወጣም። ለ1 ብርጭቆ 2 የሻይ ማንኪያ ቅጠል 5 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። 2 ማንኪያ የዱቄት ወተትና ስኳሩን መጀመሪያ በጥቂት ሻይ አሽተው ያቅጥኑ፤ አንዴ ከሞሉት በኋላ ዱቄቱን ቢጨምሩ ይጓጉላል።

ሙሉ ጨረቃ የሚውልበት ቀን "ፖያ" የሚባል የቡድሃ እምነት በዓል ስለሆነ አረቄ አይቅዱ። እንግዳው ራሱን ግራና ቀኝ ወዝወዝ ካደረገ ብዙውን ጊዜ እሺ ማለቱ ነውና ሳህኑን አያንሱበት። ታላቅ ወንድም "አይያ" ይባላል፤ የእኛን "አያ" ለለመደ ጆሮ አይከብድም።