ጅማ ገጠር የቤተሰብ ቤት ተከራይታችሁ ለመሰንበት ካሰባችሁ

ተወልጄ ያደግኩት ጅማ፣ ሂርማታ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤታችን ተሸጠ፤ ስድስታችን እህትና ወንድም አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ተበተንን። ልጆቻችን ቡናን የሚያውቁት ተፈጭቶ በላስቲክ ታሽጎ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የታናሽ እህቴ ልጅ «ቡና እንደ ድንች ተቆፍሮ ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሆዴ ተረበሸ። ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር የምንሰነብትበት የገጠር ቤት መፈለግ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተከራይተናል። ሁለት ጊዜ የተመለስንበት ቤት ጎማ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው አጋሮ አለፍ ብሎ፣ ቡና መሀል። የዛሬዋ ባለቤት አያት ቡና ነጋዴ ሳሉ ያሠሩት ባለ ደርብ ቤት ነው። በሮቹ የዋንዛ ናቸው፣ በረንዳው በሦስት ወገን ይዞራል፣ ማታ ሰው ሲራመድ የጣውላው ወለል ይናገራል። ባለቤቷን አዴ ነው የምላቸው። እንዲህ ያለ ቤት ሲከራይ ምን ምን እንደሚጠየቅ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ብዙ ሰው ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ክረምት ነው ብሎ ሐምሌና ነሐሴን ያስባል። እኛም አስበን ሄደናል፤ መኪናችን ከዋናው መንገድ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭቃ ዋጠው፣ የቀረውን መንገድ እናታችንን በበቅሎ፣ ሕፃናቱን በጀርባ አዝለን ጨረስነው። ቤት ከደረስን በኋላም ዝናቡ ከበረንዳ አላስወጣንም። ቡና ለቀማውን ማየት የሚፈልግ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይሂድ፤ ቅርንጫፉ እሸት ቡና ተሸክሞ ቀልቶ ታዩታላችሁ። ግን ያን ጊዜ ቤተሰቡ ከንጋት እስከ ምሽት ሥራ ላይ ነው፣ እናንተን የሚያስተናግድ እጅ አይተርፈውም። የእኔ ምርጫ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፣ ጥር መጨረሻ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ለቀማው አልቋል፣ ጀንፈሉ (ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና) ማድረቂያ አልጋ ላይ አለ ወይም ገና መሸጡ ነው፣ ሰዉም እፎይ ብሏል። ዕድል ከቀናችሁ ደግሞ የበጋው ድርቀት መሀል አንድ ዝናብ ይጥላል፤ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል የቡናው አበባ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ሽታው እንደ አደስ ነው ቢሉኝም ለእኔ ከአደስ ይበልጣል። ቀን ቆርጣችሁ ልታገኙት አትችሉም፤ ካገኛችሁት ግን ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሳችሁ አውጧቸው።

እነዚህ ቤቶች ታፔላ የላቸውም። ጅማ ከተማ ያለ ደላላ የሚከራይ ክፍል ያውቃል እንጂ የገጠር አባወራ ቤት አያውቅም። የሚያውቁት የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ሠራተኞች፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሰዎች፣ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና የአጋሮ መስመር ሹፌሮች ናቸው። ከሁሉ የሚቀለው አዲስ አበባ የሚኖር የዚያ ቤት ልጅ ማግኘት ነው፤ አዴን ያገኘኋቸውም የሥራ ባልደረባዬ የአክስቱ ቤት መሆኑን ስለነገረኝ ነው።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ነው?» አይደለም፤ «የማን ነው?» ነው። በሁለተኛው ዓመት ያነጋገርነው ሰው ቤቱን የሚጠብቀው የቤተሰቡ ልጅ ነበር፤ ቀብዱንም ተቀበለ። በገባን በማግሥቱ ታላቅ ወንድሙ ከከተማ መጥቶ «ማን አስገባችሁ?» አለን። አባትየው ከሞቱ በኋላ ወራሾቹ አልተስማሙም ኖሯል። ሽማግሌ ገብቶ ሰነበትን፣ ነገር ግን እናታችን ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሌባ ተሸማቃ ነው የተቀመጠችው። ስለዚህ የአያት ወይም የአባት ቤት ከሆነ ወራሾቹ ስንት እንደሆኑ፣ ሁሉም መስማማታቸውን በቀጥታ ጠይቁ። ታላቅየውን በስልክም ቢሆን አነጋግሩ። መጠየቁ አያስነውርም፤ ሳይጠይቁ መግባቱ ነው የሚያስነውረው።

ከዚያ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ሄዶ ቤቱን ይየው፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይደር። ፎቶ አትመኑ፤ አሮጌ ቤት ፎቶ ላይ ሁልጊዜ ያምራል። «ጣሪያው ያፈሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ኧረ አያፈስም!» ነው። «ቆርቆሮው የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው?» በሉ፤ ያኔ እየመሩ ያሳዩዋችኋል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካያችሁ አልጋ ሥሩ አይቀመጥም። ምሰሶውንና የበሩን መቃን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ ገብቶበታል። የበረንዳውን መደገፊያ በሙሉ ኃይላችሁ ግፉት፣ ምክንያቱም ልጆች ይንጠለጠሉበታል። የመብራቱ ሽቦ አሮጌ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳይሰካ ከወዲሁ ተነጋገሩ፤ ምጣድ የሚስበውን ኃይል ያረጀ ሽቦ አይችለውም፣ የዋንዛ ቤት ደግሞ አንዴ ከተቀጣጠለ የሚያቆመው የለም። ውሃው ከጉድጓድ ነው ወይስ ከምንጭ? ጉድጓድ ከሆነ ክዳን አለው? ሮቶ ካለ ዝናብ በሌለበት ወር ማን ይሞላዋል? ሽንት ቤቱ ከቤቱ ስንት እርምጃ ነው? ጅብ ማታ ግቢ ድረስ ይመጣል፣ ስለዚህ ለልጆችና ለአረጋዊ ፖፖ ያዙ። ፍራሾቹ ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ እንዲሰጡ ጠይቁ፣ አንሶላ የራሳችሁን አምጡ። ከግልገል ጊቤ ሐይቅ ዙሪያ ወይም ቆላ ቦታ ከሆነ አጎበር ግድ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እኔ ያልጠየቅኩት። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ሰው ሆነን ገባን፣ ለሁላችንም አልጋ ተገኘ፣ ተደሰትን። ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ ለልጄ ውሃ ፈልጌ ወጥ ቤት ስገባ የቤቱ ሰዎች በሙሉ፣ አሮጊቷ ሳይቀሩ፣ ምድጃው ዙሪያ ሰሌን ላይ ተኝተዋል። የራሳቸውን አልጋ ነው የሰጡን። ውሃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋጋ ከማውራቴ በፊት «እናንተስ የት ትተኛላችሁ?» እላለሁ። የሚተኙበት ከሌለ ሰው ቀንሱ ወይም ድንኳን ይዛችሁ ሂዱ። የአዴ መኝታ ቤት በእኛ ስምምነት ውስጥ አይገባም፤ ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።

ዋጋ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምትሰሙት «እናንተ የወደዳችሁትን» ነው። ይህን መልስ ይዛችሁ አትግቡ፤ መጨረሻ ላይ ወይ እናንተ ወይ እነሱ ታዝናላችሁ። ከተማ ያለውን ልጃቸውን አስገቡና ዘርዝሩት፦ የቤቱ በአዳር፣ የምታበስለው ሴት በቀን፣ ማገዶው፣ ውሃ የሚያመጣው ልጅ፣ ዘበኛው። ስንት ሰው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኞቹ ክፍሎች፣ ዕቃ ቢሰበር ማን ይተካል፣ ቀብድ ስንት ተከፈለ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በሦስት ምስክር ፈርሙ። ቀብዱን በቴሌብር ለቤቱ ባለቤት ስም ላኩ፣ ላመጣው ሰው እጅ አትስጡ። መታወቂያችሁን ይዛችሁ እንግዳ መምጣቱን ለቀበሌው እንዲያሳውቁላችሁም ንገሯቸው፤ አካባቢው ማን እንደገባ ሲያውቅ እናንተም በሰላም ትተኛላችሁ።

ምግቡን በደንብ አስቡበት። እኛ ክርስቲያን ነን፣ የአዴ ቤት ሙስሊም ነው፣ የየራሳችንን ሥጋ ነው የምንበላው። ይህን ቀድሞ መነጋገር መከባበር ነው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፦ ለሥጋ የራሳችንን ድስት፣ ቢላዋና መክተፊያ ይዘን ሄድን፣ በጉን ወንድሜ ባረከው፣ ከግቢው ጥግ በሠራነው ጉልቻ ላይ አበሰልን። የቀሩትን ቀናት ግን ከአንድ ገበታ በላን፦ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ እርጎ፣ ማር። ከሁሉም ያ ገበታ ይበልጥብኛል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ አብሳይዋ ቅቤውን እንድትለይ ንገሯት። ረመዳን የሚገባበት ወር መሆኑንም አስቀድማችሁ እዩ፤ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ያለፈው ዓመት ቀን አያገለግልም። የጾመችን ሴት ምሳ አብስዪ ማለት ይከብዳል። አልኮል ቤቱ ውስጥ አይግባ። ቡናው በጨው ቢመጣ ስኳር ከመጠየቃችሁ በፊት ቅመሱት፤ በቅቤ የተቆላ ቡና ቀላ ቢያቀርቡላችሁ ደግሞ ትልቅ አክብሮት ነው።

መንገዱን ባጭሩ፦ ከአዲስ አበባ በወልቂጤ፣ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ጅማ እደሩ፣ ወደ ገጠሩ በማግሥቱ ግቡ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ ማታ አትንዱ። እናታችንን ለመሰለ ሰው አውሮፕላን ይሻላል። ጅማ ያደራችሁበትን ዕድል ተጠቅማችሁም ጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለልጆቹ አሳዩ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ስማቸውን ያገኙት ከፈረሳቸው መሆኑን ስነግራቸው ልጆቹ ቀኑን ሙሉ አንዱ አንዱን በፈረስ ስም ሲጠራ ዋለ። ቤተ መንግሥቱን ያየ ልጅ የአዴን በረንዳ ሲያይ እንጨቱን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው።

ገጠር ከገባችሁ በኋላ ልጆቹን አንድ ነገር አስጠንቅቁ፦ አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል መጫወቻ አይደለም፤ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ ነው። ማገላበጥ ከፈለጉ አስፈቅደው፣ እጃቸውን ታጥበው። በለቀማ ጊዜ ከሄዳችሁም አረንጓዴ ፍሬ እንዳይቀነጥሱ፣ ቀይ ብቻ። ዛፍ ላይ ቀፎ ስላለ ሽቶ ተቀብቶ ጫካ መግባት አይሆንም። ማለዳ ጉሬዛ ዋንዛው ላይ ይወጣል፤ በዝምታ ከቆማችሁ ቅርብ ድረስ ታዩታላችሁ። ባለፈው ጥር ከሰዓት በኋላ ድንገት ዳመና መጣና አዴ ተጣሩ፤ አሥራ አንዳችንም ሮጠን ጀንፈሉን ሸራ አለበስን። ያቺ «ቡና ይቆፈራል?» ያለችው ልጅ የሸራውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ዝናቡ እስኪያባራ አለቀቀችም።

ልትወጡ ስትሉ ከባለቤቷ ጋር ክፍል በክፍል ዙሩ፣ የጎደለውን ብርጭቆ ሳትጠየቁ ተኩ። ለአብሳይዋና ለውሃ ቀጂው የሚገባቸውን በእጃቸው ስጡ፣ ለባለቤቷ ደርባችሁ አትስጡ። ለከርሞ መመለስ ከፈለጋችሁ ቀኑን እዚያው ቆርጣችሁ ትንሽ ቀብድ ጥላችሁ ውጡ። እኛ የዘንድሮውን ጥር 25 ብለን አስይዘናል፣ ዘጠኝ ሰው።