ብስክሌትዎ ካንገጫገጨዎ፦ ፍሬሙን ከመውቀስዎ በፊት

«አልሙኒየም ወገብ ይሰብራል፣ ብረት ይመቻል» ሲባል ይሰማል። ጥቂት እውነት አለበት። ኮብልስቶን ላይ ለሚያንገጫግጭ ብስክሌት ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎማው ነው። ፍሬም ለመቀየር ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ።

በቅድሚያ ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ይወቁ። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው፣ ቱቦዎቹም ወፍራም ሆነው መጋጠሚያቸው ላይ ብየዳ ከታየ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። ብየዳ የሌለውና በጥፍር ሲመቱት የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ካርቦን ፋይበር ነው። ታይታኒየም ውድ ስለሆነ ብዙም አያጋጥምም።

ቀጥሎ ጎማው። ጎኑ ላይ «32-622» የሚል ካዩ 32 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። አጠገቡ የተጻፈው ትልቁ የአየር ግፊት ጣሪያው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ32 ጎማ ከኋላ በ55፣ ከፊት በ50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይጀምር። የኋላው የሚበልጠው ክብደት ወደዚያ ስለሚያደላ ነው። ከዚያ በአንድ መንገድ እየተመላለሱ በየዙሩ 3 ፒኤስአይ ይቀንሱ። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ከተሰማዎት አብዝተው ቀንሰዋል፤ 5 መልሰው ይሙሉ። የውስጥ ጎማው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካወጣ እሾህ አይፈልጉ፦ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ነው።

ካልበቃ ሰፋ ያለ ጎማ ይግጠሙ። በጎማውና በፍሬሙ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ይቅር፤ አለዚያ የክረምት ጭቃ ገብቶ ፍሬሙን ይፍቀዋል።

ሦስተኛው የመቀመጫው ዘንግ ነው። 27.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ከ31.6ቱ የበለጠ ይተጣጠፋል፤ ረዘም ብሎ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይተጣጠፋል። ዘንጉ ላይ ከተሰመረው ገደብ ግን አያሳልፉት። የአልሙኒየም ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ ሲገባ ግራሶ ይቀቡት፤ ካልተቀባ ሁለቱ ተበላልተው ይጣበቁና በመዶሻም አይወጣም። የካርቦን ዘንግ ግራሶ አይነካውም፤ የሚያጠብቀው ብሎንም ከተጻፈው ልክ በላይ ከጠበቀ ዘንጉ ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ፍሬሙ ይምጡ። አልሙኒየም ክብደቱም ግትርነቱም ከብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ግትርነቱን ለማካካስ ቱቦውን ያወፍሩታል፤ ቱቦ ሲወፍር ደግሞ ግትርነቱ በፍጥነት ስለሚያድግ ፍሬሙ ከቀጭኑ የብረት ፍሬም የባሰ ደረቅ ይሆናል። በዚያ ላይ አልሙኒየም በተደጋጋሚ መተጣጠፍ ስለሚደክም ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያደርቁታል። ካርቦን እንደ ክሩ አቅጣጫ አንዱ ጋ ደረቅ፣ ሌላው ጋ ለስላሳ ተደርጎ ይሠራል፤ ርካሹ ካርቦን ግን ከጥሩ አልሙኒየም ላይመች ይችላል። ለማንኛውም ከሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች የተሠራ ፍሬም ወደ ታች የሚተጣጠፈው ከጎማው አንጻር እዚህ ግባ አይባልም። ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ ላይ፣ እጅ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ ፍሬም ከመግዛት ሹካውን ብቻ መቀየር ይረክሳል።

ያገለገለ አልሙኒየም ሲገዙ ቀለሙ ላይ ያለውን ቆሻሻ ጠርገው በብየዳዎቹ ዙሪያ፣ በተለይ ፔዳሉ በሚዞርበት አካባቢ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ብረት ከተሰነጠቀ ጎበዝ በያጅ ያድነዋል። አልሙኒየም ግን ብየዳው ጥንካሬውን ስለሚቀንስበት ስንጥቅ ካዩ አይግዙት።